የዓባይን ልጅ ውሃ የጠማው ዘመን፦ የውቅያኖስ ደለል ምስክርነትና የእኛ ድርሻ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2025 የአይስላንድ መንግሥት አንድ ያልተለመደ ጉዳይ ለአገሪቱ ብሔራዊ የደኅንነት ምክር ቤት ማቅረቡን አስታወቀ። ጉዳዩ የጦርነት ወይም የሽብር አልነበረም። ከሐሩር ክልል ሙቅ ውሃ ተሸክሞ ወደ ሰሜን አትላንቲክ የሚወጣው ታላቅ የውቅያኖስ ጅረት ሊዳከም፣ አልፎም ሊቆም ይችላል የሚለው ስጋት ነው። የአገሪቱ የአየር ንብረት ሚኒስትርም ስጋቱን የአገርን ህልውና የሚፈታተን አድርገው ነው ያቀረቡት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ዜና የሰማ የአዲስ አበባ ነዋሪ «የአይስላንድ ብርድ ለአይስላንድ፤ የእኛ ጉዳይ የጤፍ ዋጋና የቤት ኪራይ ነው» ቢል አይፈረድበትም። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚሁ ስል ኖሬአለሁ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ የፖለቲከኞች ንግግር አይደለም፤ ጭቃ ነው። ከውቅያኖስ ወለል በቱቦ ተቆፍሮ የሚወጣ፣ የሺህና የሚሊዮን ዓመታት ጭቃ። ይህ ጭቃ የሚለውን ተከትለን ብንሄድ ከሰሜን ዋልታ አካባቢ የተነሳው መንገድ ጣና ሐይቅ ላይ ያደርሰናል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ብናየው ይበጃል።

ጭቃ እንዴት ይመሰክራል?

የሕግ ተማሪዎች ሳለን የማስረጃ ሕግ መምህራችን ስለ ምስክር ደካማነት ደጋግመው ያስተምሩን ነበር። ሰው ይረሳል፤ ይፈራል፤ ይወዳል ይጠላል፤ ሲብስም ይደለላል። ስለዚህ በሰው ቃልና በግዑዝ ማስረጃ መካከል ልዩነት ሲፈጠር ዳኛው ሁለቱንም አመዛዝኖ ማየት አለበት ይሉን ነበር። ሰው ይደለላል፤ ደለል ግን አይደለልም። ሊሳሳት የሚችለው አንባቢው ነው።

የባሕር ደለል አሠራር ቀላል ነው። ወንዝ የሚያመጣው አፈር፣ ነፋስ የሚያመጣው አቧራ፣ በውሃው ውስጥ ኖረው የሚሞቱ ደቃቅ ፍጥረታት ቅርፊት፣ ሁሉም ቀስ በቀስ ወደ ወለሉ ይወርዳል። ታችኛው ንብርብር የጥንቱ ነው፤ ላይኛው የቅርቡ። በማዕከላዊው አርክቲክ ይህ ክምችት በሺህ ዓመት ውስጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ጭቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዓመታትን ታሪክ ይይዛል ማለት ነው።

በዚህ ጭቃ ውስጥ ከሚቀርቡት ምስክሮች የመጀመሪያው ጠጠር ነው። ከየብስ በሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ የውቅያኖስ ወለል ላይ፣ ከዱቄት በላቀ ጭቃ መሀል ድንቡልቡል ድንጋይ ቢገኝ ከየት መጣ? ወንዝ እዚያ አይደርስም። ነፋስ ድንጋይ አይሸከምም። የሚቀረው በረዶ ብቻ ነው። ከየብስ ላይ ተገምሶ ወደ ባሕር የገባ የበረዶ ተራራ ከሥሩ የያዘውን ድንጋይ እየተንሳፈፈ ይወስድና በሚቀልጥበት ስፍራ ይጥለዋል። ጠጠር ያለበት ንብርብር የበረዶ ተራሮች ያለፉበት ዘመን ነው።

ሁለተኛው ምስክር የደቃቅ ፍጥረታት ቅሪት ነው። ፎራሚኒፌራ የሚባሉት፣ ብዙዎቹ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ፍጥረታት ቅዝቃዜን የሚወድ ዝርያም ሙቀትን የሚወድ ዝርያም አላቸው። የትኛው ዝርያ በየትኛው ንብርብር እንደበዛ ቆጥሮ የባሕሩን ሙቀት መገመት ይቻላል። እንደዚሁም በባሕር በረዶ ውስጥ የሚኖሩ ዳያቶም የሚባሉ ደቃቅ አልጌዎች 25 የካርቦን አቶሞች ያሉት የተለየ የስብ ዓይነት ይሠራሉ። በእንግሊዝ የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲው ሳይመን ቤልትና ባልደረቦቹ በ2007 ይህን ቅመም በደለል ውስጥ ለይተው ካሳወቁ ወዲህ በረዶ በየወቅቱ የሚመጣበትንና የሚሄድበትን ባሕር፣ በረዶ ጨርሶ ካልደረሰበት ባሕር መለየት ተችሏል። በዚሁ ዘዴ በመጠቀም በኖርዌይ ትሮምሶ የሚገኘው የአርክቲክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2025 ባሳተሙት ጥናት፣ ባለፉት 750 ሺህ ዓመታት በነበሩት የበረዶ ዘመናት አርክቲክን ከአትላንቲክ የሚያገናኘው ባሕር በአብዛኛው በወፍራም ቋሚ የበረዶ ጣራ ተዘግቶ እንዳልነበረ፣ ይልቁንም በረዶው በየወቅቱ ይመጣና ይሄድ እንደነበር አሳይተዋል።

ሦስተኛው ምስክር የቅንጣቱ መጠን ነው። ይህን ለመረዳት የክረምት ወንዝ አይተን የምናውቅ ሰዎች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ወንዙ ሲሞላ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል፤ በበጋ ሲደክም ግን ደቃቅ አፈር እንኳን መሸከም አቅቶት በየጥጋጥጉ ይጥላል። በውቅያኖስ ጥልቀት የሚሄደው ጅረትም እንዲሁ ነው። ሻካራ ቅንጣት የበዛበት ንብርብር የብርቱ ጅረት ዘመን፣ ልል ቅንጣት የበዛበት ደግሞ የደካማ ጅረት ዘመን ነው።

እርግጥ ነው፣ እነዚህ ምስክሮችም መስቀለኛ ጥያቄ ያስፈልጋቸዋል። በወለሉ የሚኖሩ ትሎች ጭቃውን ያማስሉታል። የንብርብሩ ዕድሜ ስሌት በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ዓመታት ሊዛነፍ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ምስክር ብቻ አይፈረድም። የተለያዩ ምስክሮች፣ በተለያየ ቦታና በተለያየ ዘዴ ተመርምረው ወደ አንድ ነገር ሲያመሩ ግን ቃላቸው ክብደት ያገኛል።

ከዋልታው አጠገብ የተቆፈረው

በ2004 ክረምት፣ ከኦገስት እስከ ሴፕቴምበር፣ ሦስት መርከቦች ወደ አርክቲክ እምብርት ተጓዙ። አንደኛዋ በኒውክሌር ኃይል የምትንቀሳቀሰው የሩሲያ በረዶ ሰባሪ መርከብ «ሶቪየትስኪ ሶዩዝ»፣ ሁለተኛዋ የስዊድን በረዶ ሰባሪ «ኦደን»፣ ሦስተኛዋ ቁፋሮውን ያካሄደችው «ቪዳር ቫይኪንግ» ነበሩ። ሁለቱ እየተንሳፈፈ የሚመጣውን በረዶ ከፊት እየሰባበሩ ሦስተኛዋ በቦታዋ ጸንታ እንድትቆፍር አደረጉ። ቦታው ከሰሜን ዋልታ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የሎሞኖሶቭ ሸንተረር ነው። ከወለሉ በታች 428 ሜትር ወርደው ወደ 56 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ደለል አወጡ።

የተገኘው ነገር ብዙዎችን አስደንግጧል። ከ55 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በከባቢ አየር ውስጥ ካርቦን በድንገት በጨመረበት ወቅት የአርክቲክ ባሕር ገጽ ሙቀት ከ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ደርሶ ነበር። ከ49 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ አዞላ የሚባል በጨው አልባ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ተክል ባሕሩን አልብሶት ነበር። በረዶ የጣለው የመጀመሪያው ጠጠር የታየው ከ46 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በነበረ ንብርብር ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ መዝገብ ትልቅ ክፍል ጠፍቷል። በመጀመሪያው የዘመን ስሌት መሠረት ከ44 ሚሊዮን እስከ 18 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያለው፣ 26 ሚሊዮን ዓመት የሚሸፍነው ገጽ የለም፤ ወይ ታጥቦ ሄዷል፣ ወይ አልተከማቸም። ምድር ከሞቃት ወደ በረዷማ የተሸጋገረችበት ዋናው ምዕራፍ ደግሞ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የጎደለውን ገጽ ለመፈለግ በዚያው ሸንተረር ላይ በ2022 እንዲካሄድ ታቅዶ የነበረው ሁለተኛ ቁፋሮ በዕቅዱ መሠረት አልተካሄደም።

የበረዶ ተራሮች የጣሉት ጠጠር

አሁን ከአርክቲክ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰሜን አትላንቲክ እንውረድ። በ1988 ሃርትሙት ሃይንሪሽ የተባለ ጀርመናዊ የባሕር ጂኦሎጂ ባለሙያ ከሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ በወጣ ደለል ውስጥ ደግመው ደጋግመው የሚመጡ የጠጠር ንብርብሮችን ዘገበ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እነዚሁን ንብርብሮች በውቅያኖሱ ስፋት ሁሉ ተከታተሏቸው፤ ድንጋዮቹም በአብዛኛው ከካናዳው ሃድሰን የባሕር ወሽመጥ አካባቢ የመጡ መሆናቸውን አረጋገጡ። በበረዶ ዘመን ሰሜን አሜሪካን ከድኖት የነበረው ግዙፍ የበረዶ ግግር በየጊዜው እየተናደ የበረዶ ተራሮችን ሠራዊት ወደ አትላንቲክ ይልክ ነበር። እነዚህ ክስተቶች ዛሬ በእሱ ስም ይጠራሉ።

የበረዶ ተራሮቹ መቅለጥ ለምን ያሳስባል? በአትላንቲክ ወደ ሰሜን የሚሄደው ሙቅ ውሃ ሰሜን ሲደርስ ይቀዘቅዛል፤ ጨዋማ ስለሆነም ይከብድና ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ ከሥር ሆኖም ወደ ደቡብ ይመለሳል። ይህን የዑደት ጅረት ባለሙያዎቹ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «አሞክ» ይሉታል። ከበረዶ የቀለጠ ጨው አልባ ውሃ በላዩ ሲፈስበት ውሃው ይቀልላል፤ መስመጡን ይቀንሳል፤ ዑደቱም ይደክማል።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የተባለ ነገር አይደለም። በ2004 ጄሪ ማክማነስ የመሩት ቡድን ከቤርሙዳ አጠገብ በወጣ ደለል ውስጥ የሁለት ንጥረ ነገሮችን ምጣኔ ለክቶ፣ ከ17,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ በመጀመሪያው የሃይንሪሽ ክስተት ወቅት ይህ ዑደት ሊቆም ምንም ያህል እንዳልቀረው አሳይቷል። ጅረቱ በብርታት የተመለሰው ከ14,700 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ይህን የመጨረሻ ቁጥር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ።

ከጣና ሥር የወጣው ገጽ

የጣና ሐይቅ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ትልቅ በሚባለው ቦታ እንኳን 14 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። በዌልስ የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲው ሄንሪ ላምብ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሐይቁን ደለል በድምፅ ሞገድ መርምረው፣ በቱቦም ናሙና አውጥተው ውጤቱን በ2007 አሳተሙ። ከጸሐፊዎቹ መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመርና የዓሣ ተመራማሪው እሸቴ ደጀን ይገኙበታል።

ያገኙት ምንድን ነው? ከለስላሳው ደለል በታች ጠጣር፣ ደርቆ የተሰነጠቀ ገጽ። ጣና ደርቆ ነበር። በሐይቁ መሀል፣ ጥልቅ በሚባለው ስፍራ ላይ ከ16,700 እስከ 15,100 ዓመት በፊት የነበረው ረግረግና ደንገል ነው። ከዚያ ሐይቁ ቀስ በቀስ ሞላ፤ መውጫ ስላልነበረውም ውሃው ጨዋማነት ያዘ። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ግን ድንገት ወደ ጣፋጭ ውሃነት ተለወጠ፤ ምክንያቱም ሐይቁ ሞልቶ ወደ ዓባይ መፍሰስ ጀመረ። የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው የቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያ ዘመን ደርቆ ስለነበር፣ ዓባይ በሙሉ እስከ 14,500 ዓመት ገደማ በፊት ድረስ በየወቅቱ ብቻ የሚፈስ ወንዝ ሆኖ ነበር ብለው ደምድመዋል።

አንባቢ ሆይ፣ ከቤርሙዳ የመጣው ምስክር 14,700 አለ። ከጣና የመጣው 14,750 አለ። ሁለቱ ምስክሮች ተያይተው አያውቁም፤ የመረመሯቸውም የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ዘዴያቸውም የተለያየ ነው። በ2011 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የዚያን ዘመን ድርቅ ከአፍሪካ እስከ እስያ ባሉ የዝናም አካባቢዎች ሁሉ ተከታትሎ ከመጀመሪያው የሃይንሪሽ ክስተት ጋር አያይዞታል። ሰሜን አትላንቲክ ሲቀዘቅዝ የሐሩር ክልሉ የዝናም ቀበቶ ወደ ደቡብ ያፈገፍጋል፣ ይዳከማልም፤ ክረምትን ይዞልን የሚመጣው ይኸው ቀበቶ ነው።

አበው «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲሉ ምጸት መስሎን ነበር። ጭቃው ግን በርግጥም የተፈጸመ ነገር ነው ይለናል።

ዛሬስ?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ሳይመለስ መታለፍም የለበትም። «ያኔ የበረዶ ዘመን ነበር፤ ሰሜን አሜሪካን የከደነ በረዶ ነበር የቀለጠው፤ ዛሬ ያ በረዶ የለም» ይባላል። ትክክል ነው። ዛሬ በሰሜን ያለው ትልቅ የየብስ በረዶ የግሪንላንድ ነው። ነገር ግን የሕግ ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። የሰበር ችሎት ውሳኔ በሌሎች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ የሚሆነው በሕግ ትርጉሙ እንጂ በጉዳዩ ፍሬ ነገር አይደለም። ከሃይንሪሽ ክስተት የምንወስደውም ፍሬ ነገሩን ሳይሆን መርሁን ነው፤ ይህ ጅረት ሊደክም ይችላል፣ ሲደክምም የሐሩር አገሮች ዝናም አብሮ ይናጋል።

ስለ ዛሬው ሁኔታ የሚታወቀውን እንመልከት። ከ2004 ጀምሮ በ26.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ፣ ከአሜሪካ ዳርቻ እስከ አፍሪካ ዳርቻ በተዘረጋ መሣሪያ ጅረቱ ይለካል። በአማካይ በሴኮንድ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ ያሻግራል። ዓባይ በሱዳን ድንበር ላይ በዓመት የሚያሻግረውን 49 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይህ ጅረት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ያሳልፈዋል። ሃያ ዓመት ግን ለእንዲህ ያለ ጅረት አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ እንደገና ወደ ጭቃው እንመለሳለን። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ዴቪድ ቶርናሊና ባልደረቦቹ በ2018 ከአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ በወጣ ደለል ውስጥ የቅንጣቶችን መጠን ለክተው፣ ያለፉት 150 ዓመታት ጅረት ከዚያ በፊት ከነበሩት ከ1,000 ከሚበልጡ ዓመታት ጋር ሲነጻጸር ደካማ መሆኑን ዘግበዋል።

የወደፊቱን በተመለከተ ባለሙያዎቹ አልተስማሙም። የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ የባለሙያዎች ፓነል በ2021 ሪፖርቱ በዚህ ክፍለ ዘመን ጅረቱ መዳከሙ በጣም የሚጠበቅ ነው፤ ከ2100 በፊት በድንገት ይቆማል የሚለውን ግን በመካከለኛ እርግጠኝነት አይሆንም ብሏል። በ2023 ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች በዚህ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አካባቢ ሊቆም ይችላል የሚል ስሌት አወጡ፤ ዘዴያቸውም ብርቱ ትችት ገጠመው። በኦክቶበር 2024፣ 44 ሳይንቲስቶች አደጋው ከታሰበው በላይ ነው የሚል ግልጽ ደብዳቤ ለኖርዲክ አገሮች ሚኒስትሮች ጻፉ። በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ «ኔቸር» ላይ የወጣ ጥናት 34 የአየር ንብረት ሞዴሎችን መርምሮ በደቡባዊው ውቅያኖስ የሚነፍሰው ነፋስ ጅረቱን ስለሚያግዘው በዚህ ክፍለ ዘመን ጨርሶ የመቆሙ ዕድል አነስተኛ መሆኑን ገለጸ።

በዚህ መሀል በረዶው እየሳሳ ነው። የሳተላይት ልኬት ከተጀመረበት ከ1979 ወዲህ በሴፕቴምበር ወር ዝቅተኛው የአርክቲክ የባሕር በረዶ ስፋት የተመዘገበው በ2012 ሲሆን መጠኑም 3.4 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። በማርች 2025 ደግሞ የክረምቱ ከፍተኛ ስፋት 14.33 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ እስከዚያ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛው ሆኗል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ደለል የሚለኩና ደለል የሚያነቡ

የሚገርመው ነገር ይህንኑ ደለል መንግሥታትም ይፈልጉታል፤ ግን ለሌላ ጉዳይ። የ1982ቱ የባሕር ሕግ ኮንቬንሽን በአንቀጽ 76 አንድ የባሕር ጠረፍ ያለው አገር ከ200 የባሕር ማይል ያለፈ ኮንቲኔንታል ሼልፍ፣ ማለትም የአህጉሩ የባሕር ውስጥ ቅጥያ ይገባኛል ለማለት ከሚጠቀምባቸው መመዘኛዎች አንዱ የደለል ውፍረት ነው። የደለሉ ውፍረት ከአህጉሩ ተዳፋት ግርጌ እስከዚያ ነጥብ ድረስ ካለው ርቀት ቢያንስ 1 በመቶ መሆን አለበት። ይህም ማለት ከግርጌው 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ባለ ነጥብ ላይ ደለሉ 1 ኪሎ ሜትር መወፈር አለበት። ጭቃ የወሰን ምልክት ሆኗል ማለት ነው።

ሩሲያ በ2001 የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን አቀረበች፤ ተጨማሪ ማስረጃ ተጠየቀች፤ በ2015 አሻሽላ አቀረበች። ዴንማርክ በግሪንላንድ ስም በ2014፣ ካናዳ በ2019 አቀረቡ። የሎሞኖሶቭ ሸንተረር የሦስቱም ክርክር መገናኛ ነው። በኦገስት 2007 የሩሲያ ሰርጓጅ ጀልባዎች በዋልታው ሥር፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ጥልቀት ወርደው ከቲታኒየም የተሠራ ባንዲራ መትከላቸው ይታወሳል። ባንዲራው በሕግ ፊት የሚፈጥረው መብት አልነበረም። መልእክቱ ግን ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ለመለካት እንዲህ የተሽቀዳደሙት አገሮች ለማንበብ ግን አብረው መቆም አልቻሉም። የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ በኋላ፣ በማርች 2022፣ ከስምንቱ የአርክቲክ ካውንስል አባላት ሰባቱ ከሩሲያ ጋር የሚያደርጉትን የካውንስሉን ሥራ አቋረጡ፤ የባለሙያ ቡድኖቹ ሥራ በኋላ በከፊል ቢቀጥልም እንደ ቀድሞው አልሆነም። ከአርክቲክ ዳርቻ ግማሽ ያህሉ ደግሞ የሩሲያ ነው። ከ1985 ጀምሮ በዓለም ውቅያኖሶች ሁሉ ስትቆፍር የኖረችው የአሜሪካዋ «ጆይደስ ሬዞሉሽን» መርከብም በ2024 ሥራዋን አቁማለች፤ ወጪው አልተገኘም። አውሮፓና ጃፓን በ2025 ተተኪ ፕሮግራም ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ምስክሩ ይበልጥ በሚፈለግበት ሰዓት ወደ ችሎት የሚያመጣው ሰው ቁጥር መቀነሱ አይካድም።

ለእኛ ምን ይነግረናል?

በቅድሚያ ልጓም እናብጅለት። የኢትዮጵያ ዝናም ጌታ አትላንቲክ ብቻ አይደለም። የሕንድ ውቅያኖስም የፓስፊኩ ኤልኒኖም አሉበት፤ የ2015ቱ ድርቅ ከብርቱ ኤልኒኖ ጋር የተያያዘ ነበር። ጣና ራሱም ለዓባይ የሚያበረክተው ውሃ አነስተኛ ድርሻ ነው፤ የጣና መድረቅ የሚያስፈራው በሐይቁ ምክንያት ሳይሆን ደጋው በሙሉ ዝናም እንዳጣ ስለሚናገር ነው። ነገ ጣና ይደርቃል የሚልም የለም።

ይህን ካልን በኋላ አንድ የማስረጃ ጥያቄ ይቀራል። በወንጀል ጉዳይ ዐቃቤ ሕግ ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለበት። በፍትሐ ብሔር ግን ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ ይበቃል። ለአገር ዕቅድ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ሳይንቲስቶቹ ተስማምተው እስኪጨርሱ እንጠብቅ የሚል መንግሥት የወንጀል ችሎትን መለኪያ ወደ ቤተሰብ በጀት ያመጣ አባወራን ይመስላል። ቤቱን ከእሳት የሚያስጠብቅ ሰው እሳት እንደሚነሳ ማረጋገጫ አይጠይቅም፤ ሊነሳ እንደሚችል ማወቁ ይበቃዋል። አይስላንድ የመረጠችው ይህን መለኪያ ነው። እኛስ?

በእኔ አመለካከት ጥያቄው ከሁሉ በፊት የሚነሳው በዓባይ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ያልተሳተፈችበት የ1959ኙ የግብፅና የሱዳን ስምምነት የተመሠረተው በአስዋን ላይ በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ አማካይ ፍሰት ላይ ነው፤ 55.5 ለግብፅ፣ 18.5 ለሱዳን፣ ቀሪው 10 ለትነት። ይህ አማካይ የስድሳ ዓመት ያህል ልኬት ውጤት ነው። ጭቃው ግን የአሥራ ሰባት ሺህ ዓመት መዝገብ ይዞ «ይህ ወንዝ ቋሚ ቁጥር የለውም» ይላል። ስምምነቱ ኢፍትሐዊ ነው የምንለው ስላልተካፈልንበት ብቻ መሆን የለበትም። ወንዙን እንደ ደመወዝ ወር በገባ ቁጥር የሚመጣ አድርጎ መቁጠሩም ስህተቱ ነው።

ይህ ክርክር ታዲያ ለእኛም ወደ ኋላ ይቆጠራል። በሴፕቴምበር 2025 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። በሦስቱ አገሮች ድርድር ውስጥ ካልተፈቱት ጉዳዮች ዋነኛው ተራዛሚ ድርቅ ቢመጣ ምን ይደረጋል የሚለው ነበር። ተራዛሚ ድርቅ ስንል ሦስት ዓመት ነው? አምስት? ተደራዳሪዎች የሚከራከሩት ባለፈው መቶ ዓመት ልኬት ላይ ቆመው ነው። ጭቃው የሚያውቀው ድርቅ ግን በዓመታት ሳይሆን በትውልዶች የሚቆጠር ነው። የዚያ ዓይነት ድርቅ ቢመጣ፣ ወይም የእሱ ጥቂት ክፍል እንኳን ቢደርስ፣ የላይኛውም የታችኛውም አገር በአንድ ላይ ይጠማል። እንዲህ ያለውን ቀን በጋራ ለማሰብ የሚያስችል አንቀጽ ያለው ስምምነት የግብፅንም የሱዳንንም የኢትዮጵያንም ጥቅም ያስጠብቃል።

ሁለተኛው ነገር የራሳችን መዝገብ ነው። የአርክቲክን ደለል ለማውጣት ኒውክሌር በረዶ ሰባሪ ያስፈልጋል። የእኛ ግን በእጃችን ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ጨው ባሕር በ2014 በተካሄደ ቁፋሮ ከ280 ሜትር በላይ ደለል ወጥቶ ወደ 620 ሺህ ዓመት የሚጠጋ የዝናምና የድርቅ ታሪክ ተነብቧል። ጣና አለ፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አሉ። ከሰሜን የሚመጣውን ምስክር ቃል ማረጋገጥ ወይም ማፍረስ የሚችሉት እነዚህ ናቸው። በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ውጤታቸው ከሳይንስ መጽሔት አልፎ የውሃ ሚኒስቴሩ ጠረጴዛና የተደራዳሪዎቻችን ቦርሳ ውስጥ ሊገባ ይገባል። በእኔ እምነት ተደራዳሪ ቡድን ውስጥ መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ እንደሚቀመጥ ሁሉ ደለል የሚያነብ ሰውም ሊቀመጥ ይገባዋል።

የጣና ጭቃ ከባሕሩ ጭቃ ጋር ተስማምቶ የሰጠው ቃል መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የሚቀረው መዝገቡን ገልጦ ማየት ነው፤ እሱም ጊዜ ሳያልፍ። ዳኛ መዝገቡን ሳያነብ ቢፈርድ ይግባኝ ይባልበታል። መዝገቡን ሳያነብ ለሚያቅድ አገር ግን ይግባኝ የሚባልበት ችሎት የለም።

ቸር ይግጠመን።